የጥርስ ሠሪው ሸረሪት

እኔ ሬሳ አጠገብ ቆሜ ሻይ መጠጣት የምችል ሰው ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት በወንጀል ምርመራ ስቆይ ያላየሁት ጉድ የለም። ሸረሪት ካየሁ ግን ወንበር ላይ ነው የምወጣው፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል። ስለዚህ ያን ረቡዕ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ስልክ ተደውሎ «ኢንስፔክተር፣ አንዲት ሴት ሞታ ተገኝታለች፤ የሸረሪት ጣጣ ሳይሆን አይቀርም» ስባል፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ጉንፋን ይዞኛል ብዬ መቅረት ነበር።

ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሳሎኑ ንጹሕ ነው። በአንዱ ግድግዳ መጽሐፍ የሞላው የብረት መደርደሪያ፣ በመስኮቱ በኩል ዝቅ ያለ ጠረጴዛ፣ በጠረጴዛው ላይ ከግማሽ በላይ አፈር የተሞላ የመስታወት ሣጥን። የሣጥኑ ክዳን ተነሥቶ ምንጣፉ ላይ ተጋድሟል። ሴትዮዋ መደርደሪያው ሥር በጎኗ ወድቃለች። አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበረች፤ ረቡዕ የዕረፍት ቀኗ ነው። ማጅራቷ የመደርደሪያውን ማዕዘን መትቷል፤ ብረቱ ላይ ደም አለ። ከእሷ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ወለሉ ላይ፣ የሰው መዳፍ የሚያህል፣ እግሩ የበዛ፣ የተጨፈለቀ ነገር ይታያል።

«እሱ ነው?» አልኩት አሻራ አንሺውን። ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ አብሮኝ ያለ፣ ምላሱ የማያርፍ ሽማግሌ ነው።

«እሷ ነች። ታራንቱላ ይሏታል። ጠጋ ብለው ይዩዋት እንጂ፣ ከሞተች በኋላ ምን ታደርግዎታለች?»

«ከዚህም ይታየኛል። በፖስታ አሽጋት።»

ጠጋ ብዬ አይቼ ቢሆን ኖሮ ሦስት ቀን ባልለፋሁ። ግን ሰውነቴ ውርር አለኝና ፊቴን አዞርኩ።

እጮኛዋ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው፤ መልከ መልካም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ዓይኑ በልቅሶ የቀላ። አንድ ጫማውን አውልቆ አጠገቡ አስቀምጦታል።

«ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ ልንበላ ተቀጣጥረን ነበር» አለኝ። «በሩ አልተቆለፈም። ስገባ ወድቃለች። ስጠራት ያ ነገር ከወንበሩ ሥር ወጥቶ እየሮጠ መጣብኝ። ጫማዬን አውልቄ መታሁት።»

«ስንቴ?»

«ሁለቴ ይሁን ሦስቴ፣ አላውቅም።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ደንግጣ ነው የወደቀችው፣ ኢንስፔክተር። ያን ነገር አጠገቧ ስታየው ወደ ኋላ ሸሽታ። ወንድሟን ግን አደራ፣ አትጨክኑበት። ሆን ብሎ አይደለም። ክዳኑን ረስቶት ነው።»

በእንዲህ ያለ ሰዓት ለሌላ ሰው ማሰቡ አንጀቴን በላው። መሐረብ ሰጥቼው ወረድኩ።

* * *

ምድር ቤት ያለው ልብስ ሰፊ ሳልጠይቀው ነው የጀመረው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ «ነግሬ ነበር» አለ። «ሦስት ጊዜ ለሕንፃው ኮሚቴ ጽፌያለሁ። ሰው ድመት ያሳድጋል፣ ወፍ ያሳድጋል። መርዝ የሚያሳድግ ጎረቤት እኔን ብቻ ነው የገጠመኝ።»

«ሰኞ ከሟቿ ጋር ደረጃው ላይ ተጣልተው ነበር ይባላል።»

«ተጣልቻለሁ። ያን አውሬ ካላወጣችሁ እኔ አወጣዋለሁ ብያለሁ። ታዲያ አፌ ነው እንጂ እጄ እዚያ ሣጥን ውስጥ ይገባል? ነፍሴን እወዳታለሁ።»

«ዛሬ ከአራት ሰዓት ጀምሮ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ሁለት ወንድማማቾች ሙሉ ልብስ ሊለኩ አራት ተኩል ላይ መጡ፤ እስከ ስድስት ሰዓት አልለቀቁኝም። ትልቁ ደግሞ ገና ሲገባ ይቆጣል፤ መኪና ማቆሚያ አጥቶ። የማን ጥፋት ነው? እዚህ ሕንፃ ላይ ሁሉም የፈለገበት ይገትራል፣ መኪናው ጣሪያ ላይ ሰሌዳ የለጠፈው ሳይቀር፤ ዛሬም በሬ ላይ ገትሮ ነበር። ደንበኛ የሚሸሸኝ በዚህ ነው።»

«ከላይ የሰሙት ነገር የለም?»

«የስፌት መኪናዬ ሲሠራ ሰማይ ቢደረመስም አልሰማ።»

ወንድማማቾቹን ደውዬ አጣራሁ፤ ያለው ልክ ነው። ሐኪሙም የሞተችው ከአራት ተኩል እስከ አምስት ተኩል ባለው ጊዜ ነው አለ። በሰውነቷ ላይ የንክሻ ምልክት የለም። ልብስ ሰፊውን ከመዝገቤ ሰረዝኩት፤ ስለ መኪና ማቆሚያ ያለውን ግን እንደ ሽማግሌ ብሶት ቆጥሬ አሳለፍኩት።

* * *

ሸረሪቷን የሚያሳድገው ከሟቿ ጋር የሚኖረው ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገብቶ ስልክ እስኪደወልለት ድረስ ከሥራ ቤቱ እንዳልወጣ ሁለት ባልደረቦቹ መስክረዋል። ሐሙስ ጠዋት ፊቴ ሲቀመጥ ጣቶቹ ላይ ጄሶ ደርቋል፤ ከትናንት ጀምሮ እጁን አልታጠበም።

«ክዳኑን ማን ከፈተው?»

«እኔ መሆን አለብኝ።»

«መሆን አለብኝ ማለት ምንድን ነው? ከፍተሃል ወይስ አልከፈትክም?»

«አላስታውስም። ግን ከእኔ በቀር የሚነካው የለም። እትዬ አጠገቡም አትደርስም ነበር።»

አባትና እናታቸው ሲሞቱ እሱ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ እሷ አሥራ ስምንት። ትምህርቷን አቋርጣ ነው ያሳደገችው። ይህን ሁሉ የነገረኝ ቀና ሳይል ነው።

የሸረሪቷን ደብተር አስመጣሁ። አምስት ዓመት ሙሉ፣ ሣጥኑ የተከፈተበት እያንዳንዱ ቀን ተጽፏል፤ ምን በላች፣ ምን ወጣ፣ ስንት ሰዓት ተከፈተ፣ ስንት ሰዓት ተዘጋ። ከእያንዳንዱ መስመር አጠገብ «ሁለቱም ተቆልፏል» ይላል። የመጨረሻው ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በፊት የተጻፈ ነው፤ «የጉድጓዷን አፍ በድሯ ዘጋች። ከእንግዲህ አይከፈትም።»

«አይከፈትም ብለህ ጽፈህ ለምን ከፈትክ?»

«ምናልባት ውሃ ልሰጣት።»

«ውሃ በምን ነው የምትሰጣት?»

«በመርፌ ቱቦ፣ በጎን ባለው ቀዳዳ በኩል።» አሁን ቀና አለ። «ኢንስፔክተር፣ ልብዎ ደግ ነው መሰለኝ፤ ግን አያድክምዎት። ይቺ እንስሳ ፈጣን ናት፤ ደግሞ ቁጡ። እንደ ሌሎቹ ሸሽታ አትደበቅም፤ ከተነካች ቀድማ ነው የምትመታው። አንድ ቀን የምረሳው ነገር እንደማይኖር ለእትዬ ምዬላት ነበር። ረስቼ ገደልኳት። ይጻፉት፣ እፈርማለሁ።»

በሥራ ዘመኔ የሚክድ እንጂ ለማመን የሚቸኩል ሰው ብዙ አልገጠመኝም። ነገሩ ከነከነኝ። የሚጻፍ ግን ሌላ አልነበረኝም፤ በቸልተኝነት ሰው መግደል።

ስወጣ አክስታቸው ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ አሮጊት።

«ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ትቀበራለች» አሉኝ። «እሱ ነው ወይስ አይደለም?»

«ገና እያጣራን ነው፣ እማማ።»

«ቶሎ አጣሩ። በእሱ ከሆነ የሞተችው መቃብሯ አጠገብ አይቆምም። እናት ሆና ያሳደገችውን ሴት ለዚያ አውሬ አስበልቶ፣ እኔ ፊት አፈር አያለብሳትም።»

በሩ ክፍት ነበርና ሰምቷል። ዞሬ ሳየው «እውነታቸውን ነው» አለኝ።

* * *

ዓርብ ሁለት ሰዓት ላይ አሻራ አንሺው ከታሸገው ቤት ደወለልኝ። የሣጥኑን መቆለፊያዎች ደግሞ ሊያይ ሄዶ ነበር። ሁልጊዜ የሚቀልደው ሰውዬ ድምፁ ዝግ ብሏል።

«ኢንስፔክተር፣ መቆለፊያዎቹ በጨርቅ ተጠርገዋል። የወንድምየው አሻራ እንኳ የለባቸውም። ሌላ ነገር ደግሞ አለ። በሣጥኑ ጎን የተለጠፈውን ጥቁር ወረቀት ገለጥ ባደርገው፣ አፈሩ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አየሁ። አሁን በሩ ጋ ነው የቆምኩት።»

ልጁን ከማረፊያ ቤት አስወጥቼ እየነዳሁ ነገርኩት። መኪናው ውስጥ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ «ሦስት ቀን ሙሉ ክዳን የለውም ማለት ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ያየሁት ሰው፣ ጣቢያ ያየሁት ሰው አልነበረም።

«ማንም ከእኔ በፊት አይግባ» አለ በሩ ላይ። ከገባን በኋላ ፎጣ ጠቅልሎ የበሩን ሥር ደፈነ። መስኮቱን ዘጋ። ከመሳቢያ ወፍራም የፕላስቲክ ኩባያ፣ ጠንካራ ካርቶንና ክንድ የሚያህል ወረንጦ አውጥቶ እጁ የሚደርስበት ቦታ ደረደረ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ የሚያዘን ግን እሱ ነበር።

«ከወጣች አትሩጡ፣ አታባርሯት። ዓይናችሁን ስታርገበግቡ ከዚህ ጥግ እዚያ ጥግ ናት፤ ማንም አይቀድማትም። ስትቆም ኩባያውን መድፋት፣ ካርቶኑን ቀስ ብሎ ከሥር ማስገባት። እጅ የሚባል ነገር የለም። እኔ አምስት ዓመት አንድ ቀን በእጄ ነክቻት አላውቅም።»

«ከነከሰች ትገድላለች?» አልኩ፤ ድምፄ እንደ ሕፃን ሆኖ ወጣ።

«ጤነኛ ሰው አትገድልም። ግን ለቀናት ሥቃይ ነው፤ ጡንቻ ይጨምድዳል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን ለእኛ ብቻ አይደለም። እሷም የምትናደደው ስትፈራ ነው። የእኔ ሥራ እንዳትፈራ ማድረግ ነው።»

ክዳኑን በሁለት እጁ አንሥቶ፣ ጠረጴዛው እንዳይነቃነቅ እስትንፋሱን ይዞ አስቀመጠው። ሁለቱን መቆለፊያዎች ገፋ። ከዚያ ተንበርክኮ ጥቁሩን ወረቀት ገለጠና ደርቆ ቀረ። ቆይቶ በጣቱ ጠራኝ።

እንዴት እንደቀረብኩ አላውቅም። ጉድጓዱ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ወደ ታች ይወርዳል፤ ግድግዳው በነጭ ድር ተለስኗል፣ አፉም በድር ተደፍኗል። ከታች ሸረሪቷ በጀርባዋ ተዘርራለች፤ ስምንቱም እግሮቿ ወደ ላይ።

«ሞታለች» አልኩ።

«አይደለም። ልብሷን እየቀየረች ነው። ድምፅ አታሰሙ።»

አንድ ሰዓት ተኩል ወለሉ ላይ ተቀመጥን፤ ሸረሪት የምፈራው እኔ፣ ሽማግሌው አሻራ አንሺና በነፍስ የሚጠየቀው ልጅ። መጀመሪያ ጀርባዋ ላይ ያለው ጠንካራ ጋሻ እንደ ድስት ክዳን ተከፈተ። ከዚያ ትገፋለች፣ ታርፋለች፤ ትገፋለች፣ ታርፋለች። እያንዳንዱን እግር ከአሮጌው እግር ውስጥ ጠባብ ካልሲ እንደሚያወልቅ ሰው በዝግታ ትስበዋለች። አሮጌው ቡናማና የደበዘዘ ነው። ከውስጥ የሚወጣው ሰማያዊ ነበር። እንዲህ ያለ ሰማያዊ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም፤ እርጥብ፣ የሚያበራ፣ ገና ማንም ያልነካው። ጥርሶቿ እንደ ወተት ነጭ ናቸው።

«አሁን ጥርሷ ለስላሳ ነው» አለ ልጁ በሹክሹክታ። «ጉንዳን እንኳ ሊገድላት ይችላል። እስኪጠነክር ድረስ አትበላም፣ አትዋጋም። ለዚህ ነው በሯን የምትዘጋው።»

እጄን ደረቴ ላይ ጭኜ ነበር፤ መቼ እንደጫንኩት አላውቅም። ሃምሳ ዓመት የሸሸሁት ፍጥረት አጠገቤ እንደገና ሲፈጠር ማየቴ ነው። አሻራ አንሺው ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦታል። «ሥራህ ድንቅ ነው ጌታዬ» ሲል ሰማሁት።

የመጨረሻው እግር ሲወጣ አሮጌው ልብስ ጎኗ ቀረ። ጸጉሩ፣ ጥፍሩ፣ የጥርሱ ሽፋን እንኳ አልጎደለም። ሸረሪት ነው፤ ውስጡ ብቻ ባዶ ነው። አሁን ሁለት ሸረሪቶች አሉ፣ አንዷ የምትተነፍስ፣ አንዷ የማትተነፍስ።

ያኔ ነው ፖስታ ውስጥ ያሸግነው ነገር ትዝ ያለኝ።

«የድሮ ልብሶቿን የት ታደርጋቸዋለህ?»

«ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ፣ ጥጥ ላይ። በየዓመቱ አንድ ነው። አምስት አሉ።»

ቆርቆሮው መደርደሪያው ላይ ነበር። ከፈትነው። አራት ናቸው። ትልቁ የነበረበት ቦታ ጥጡ ጎድጎድ ብሎ ቀርቷል።

ጣቢያ ተመልሼ ያን ፖስታ ራሴ ከፈትኩት። በጫማ የተጨፈለቀ ሸረሪት ይረጥባል። ይህ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ደርቆ ተሰባብሯል፤ የአንዲት ጠብታ ምልክት የለበትም። ተጠይፌ ፊቴን ባላዞር ኖሮ ረቡዕ ዕለት ይታየኝ ነበር። ልጁም ያን ቀን ከሬሳው በቀር ያየው ነገር አልነበረም።

* * *

ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ክር ተተረተረ። ልብስ ሰፊው ያማረረበት፣ ጣሪያው ላይ ሰሌዳ ያለው መኪና የማን እንደሆነ ደውዬ ጠየቅኩት። «የዚያ የመንዳት አስተማሪ ነዋ» አለ፤ «የማን መስሎሽ ነበር?» ወንድማማቾቹ በመጡበት በአራት ተኩል መኪናው እዚያው ቆሞ ነበር ማለት ነው። አስተማሪው ለእኔ የሰጠው ቃል ደግሞ እስከ አምስት ተኩል ድረስ አንዲት ተማሪ ሲያስተምር እንደነበር ይላል። ተማሪዋን አገኘኋት። «አራት ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለለትና ትምህርቱን አቋርጦ አወረደኝ» አለች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አስተማሪው ፊቴ ተቀመጠ። አሁንም ያው ትሕትና።

«እንዴት እንደሮጠችብህ እስቲ ደግመህ ንገረኝ።»

«ከወንበሩ ሥር ወጥታ፣ በጣም ፈጥና።»

ቆርቆሮውን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ ገፋሁለት። ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ።

«እነዚህን ታውቃቸዋለህ?»

«የሞቱ ሸረሪቶቹ ናቸው። ቤቱ የሄድኩ ጊዜ ሊያሳየኝ ከፈተው። ማስረዳት ሲጀምር አስጠላኝና ወጣሁ።»

«ስንት ናቸው?»

«አራት።»

«አምስት ነበሩ። ደግሞ የሞተ የለም። ሁሉም የአንዲት ሸረሪት ልብሶች ናቸው፤ በየዓመቱ ታወልቃለች። ባለቤታቸው ደኅና ናት፤ ዛሬ ጠዋት አብሬያት ነበርኩ። ሃያ ቀን በሯን ዘግታ ተቀምጣለች። እና የትኛዋ ናት የሮጠችብህ?»

ቆርቆሮውን ትክ ብሎ አየው። ያን ቀን ሁለት ደቂቃ ታግሦ የልጁን ማብራሪያ ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ይህን ስሕተት አይሠራም ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

«ሣጥኑ ባዶ መስሎኝ ነው» አለ በመጨረሻ። «ከሳምንታት ወዲህ አትታይም ብላኝ ነበር። ሞታለች፣ ያቺ ትልቋ እሷ ናት ብዬ አሰብኩ።»

«ለምን ገፋሃት?»

«ደውላ ጠራችኝ። አላገባህም አለችኝ። አስቤበታለሁ፣ ይቅር አለችኝ፣ እንዲሁ በቀላሉ። መግፋቴን እንኳ አላውቅም ነበር፤ ድምፁን ስሰማ ነው።»

«ወንድሟስ? ለእሱ ስትለምንለት ነበር።»

መሐረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ። ቃሉን አስፈርሜ ተነሣሁ፤ ያን መሐረብ የሰጠሁት እኔው ነኝ።

* * *

ልጁን ያገኘሁት ኮሪደሩ ላይ ነው። ቆሞ ነበር፤ ተቀመጥ ብዬው አልተቀመጠም። ሁሉንም ነገርኩት። ሰምቶ ሲያበቃ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ክዳኑን አልረሳሁትም?»

«አልረሳህም።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም ቆልፈህ ነው የወጣኸው። የከፈተው እሱ ነው፤ በቃሉ አምኗል።»

ራሱን ነቀነቀ። ያለቅሳል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላለቀሰም። «እጄን የምታጠብበት ቦታ አለ?» አለኝ። የጣቢያውን ቧንቧ አሳየሁት። ጄሶው እስኪለቅ ድረስ ብዙ ቆየ።

ለአክስቱ ራሴ ደወልኩላቸው። «እሺ» ብለው ዘጉት።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ መቃብር ቦታው ሄድኩ፤ የሥራ ግዴታ አልነበረብኝም። ዘመድ አዝማዱ፣ የትምህርት ቤቱ ሰዎች፣ ልብስ ሰፊው ሳይቀር ተሰብስበዋል። ልጁ ከሁሉም ኋላ፣ ከእኔ ጎን ቆሟል። ሁሉም እውነቱን ሰምቷል፤ ግን ከመካከላቸው ና ያለው የለም፤ እሱም መሄድ አልደፈረም። የሬሳ ሣጥኑ ሊወርድ ሲል አክስትየው ዞር ብለው ሕዝቡን በዓይናቸው ፈለጉ።

«የታለ?» አሉ። ሰው ሁሉ ዞረ። «ምን ኋላ ቆመህ ታየኛለህ? ና እዚህ። ቦታህ እዚህ ነው። ክፉ ተናግሬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ ልጄ።»

ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ሄዶ አጠገባቸው ቆመ፤ እጁን ያዙት። የመጀመሪያውን አፈር እፍኝ ሞልተው ሰጡት። ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አለና «እትዬ» አለ፤ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ እየደጋገመ። ሦስት ቀን ሙሉ ገዳይዋ ነኝ ብሎ ስለ ራሱ ሲያስብ፣ እህቱ እንደሞተችበት ገና ያን ሰዓት ነው የገባው። አክስትየው ወገቡን አቅፈው አብረውት ጎንበስ አሉ፤ አፈሩን የበተኑት አንድ ላይ ነው።